በቅሎ የጠየቀችው ከታቢ

አገኘሁሽ ሰው ስትስም አውራ ጣቷ ሥራ አይፈታም። ጉንጭ ለጉንጭ እየተነካኩ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠያየቁ ቀኝ እጇ በሰውየው ግራ ክንድ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከትከሻው ዝቅ ብሎ በልብሱ ላይ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። እዚያ ሽንብራ የምታህል ክብ ጠባሳ ካገኘ ሰላምታው በደህና ያልቃል። ካላገኘ ግን ሰውየው ከዚያ ቦታ ወዴትም አይሄድም።

ሰቆጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ገበያተኛው ገና ከሩቅ ሲያያት ክንዱን ገልጦ ይጠብቃታል። ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ዳስ ውስጥ ስማ፣ ጠባሳ ብታጣባት፣ ሙሽራዪቱ ከእናቷ ቤት የወጣችው ተከትባ ነው። ሚዜዎቹ ሙሽራችንን ወጋሽብን ብለው ሲያላግጡ የእነሱንም ክንድ ዳሰሰች። የንስሐ አባቷ እንኳ መስቀል ሲያሳልሟት ግራ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሸሸት ያደርጋሉ።

«ልጄ፣ አምና የከተብሽኝ አንቺው ነሽ» ይሏታል። «ጠባሳው ወዴት ይጠፋል ብለሽ ነው?»

«አይጠፋም አባቴ» ትላለች፣ አንገቷን ደፍታ። «እጄ ነው የማያምነው።»

ይህ አውራ ጣት ሥራውን ያገኘው ግን እንዲህ እንደ ዋዛ አይደለም።

አገኘሁሽ ገና ወፌ ቆመች በሚባልላት ዕድሜ አንድ ክረምት ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት የግራ እግሯን ጉልበት ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀኝ እግሯ አደገ፤ ግራው እዚያው ክረምት ላይ ቀረ። አባቷ መሪጌታ አሥራተ ማርያም ደቀ መዛሙርት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩና ልጃቸውን ከተማሪዎቹ መካከል አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሯት፤ ዳዊትም አስደገሟት። እናቷ ወለተ ሰንበት ደግሞ እንዝርት አስያዘቻት። በቤት ኽምጣኛ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛ እየተናገረች አደገች። ፈትሏ ቀጭን ነው፤ ሸማኔዎቹ ይሻሙበታል። ራሷን ችላ ትኖር ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጉሮሮዋ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀርቶ ነበር። በአንድ የኅዳር ጽዮን ዕለት እናቷ ከቅዳሴ እስክትወጣ ስትጠብቅ እግሯ ዛለባትና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ምርኩዟንም ከጎኗ አጋደመች። ቅዳሴ ወጣ። ፊት የወጣችው ሴት ስታልፍ ጭኗ ላይ ቁራሽ ዳቦ ጣል አደረገችላት። የተከተለችው አንድ እፍኝ ቆሎ ጨመረች። ሕፃኗ ያልጠየቅኩት ነው ብላ ልትመልስ ብትነሣ የሚቀበላት ጠፋ። በማርያም ስም የተሰጠ አይመለስም፤ መልሶ የወሰደ በረከቱን በእጁ ደፋ ማለት ነው። እናቷ ስትወጣ ልጅት በቀሚሷ ጫፍ ሙሉ ዳቦና ቆሎ ታቅፋ ታለቅሳለች።

ቤት ሲደርሱ መሪጌታ አይተው ሳቁ። እኔ ስንት ሌሊት ማሕሌት ቆሜ ይህን ያህል አላገኘሁም አሉ። ቀጥለው የልጃቸውን ፊት አዩና ሳቃቸውን ዋጡት።

ከዚያ ወዲያ አገኘሁሽ በደጅ ተቀምጣ አታውቅም። ቅዳሴውን ቆማ ታስቀድሳለች፤ ፈትሏን ቆማ ትሸጣለች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳ ትደገፋለች እንጂ ድንጋይ አትነካም። ሰው እልኸኛ ናት ይላት ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ የፈንጣጣ ከታቢዎች ሰቆጣ ደረሱ። የላካቸው ከባሕር ማዶ ያለ ትልቅ የጤና ድርጅት ነው ተባለ። አለቃቸው ደሞዝ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ የሚያበጥር፣ ቁጥብ፣ ሸሚዙ በአቧራ መካከል እንኳ የማይቆሽሽ ወጣት። ከእሱ ጋር አንድ ፈረንጅ አለ፤ ስሙን የሚይዝለት ስላልተገኘ ሁሉም ሚስተሩ ይለዋል። ሚስተሩ ከአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ»ን ተምሮ ነበርና ለሰውም ለአህያም እኩል ያድላታል። አህዮቹ እንደ ሰዎቹ አልሳቁበትም።

ቡድኑ ማንበብ የሚችልና ኽምጣኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ሲባል አገኘሁሽ ሰማች። እንዝርቷን ሰቅላ፣ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ደሞዝ ከደጃፉ ላይ ሲያያት ዓይኑ ከምርኩዟ በላይ አልወጣም። ለሕክምና ከሆነ የመጣሽው ጤና ጣቢያው በታች በኩል ነው ብሎ በእጁ አሳያት።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አለችው።

ደሞዝ ክፉ ሰው አይደለም። ረጋ ብሎ አስረዳት። ሥራው ገደል መውረድ፣ ገደል መውጣት ነው። ትልቁ ቢሮ ያወጣው ደንብም የሚቀጠረው ሰው ሙሉ ጤነኛ ይሁን፣ በእግሩም የሚዘልቅ ይሁን ይላል። ድርጅቱ ራሱ የጤና ድርጅት ነው፤ ጤና የጎደለው ሰው እንዴት ብሎ ለሌላው ጤና ያድላል?

«እግሬ ቀጠነ እንጂ እኔ አልታመምኩም» አለች። አመስግናውም ሄደች።

በማግሥቱ መጣች። በሠልስቱም መጣች። ከደጃፉ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ አትለምን፣ አትከራከር፣ አትቀመጥ። ደሞዝ ሲወጣ ሲገባ ያያታል። ሚስተሩ በበኩሉ ጤና ይስጥልኝ ይላታል። እንዲህ ሲሉ ሰንብተው የገበያው ቀን ደረሰ፤ ደሞዝም ከኽምጣኛ ተናጋሪ ጋር በእጅ ምልክት መነጋገር ስለሰለቸው፣ ለዛሬ ብቻ ነው ብሎ ከገበያው ዳር በተዘረጋው ጠረጴዛ ፊት ወንበር ሰጣት። ሁለት ጥርስ ያላትን ቀጭን መርፌ አያያዝ አሳያት። እጇ በፈትል የተገራ ነውና ቶሎ ለመደችው።

ወንበሩን ግን ቆማ ብዙ አየችው። መርፌ የሚይዝ ሰው ቁጭ ይላል አላት ደሞዝ። ወንበር ድንጋይ አይደለም፣ ጠረጴዛም አጥር ሥር አይደለም ብላ ራሷን አባብላ ተቀመጠች። ምርኩዟን ከጠረጴዛው ጋር አስደገፈችው።

የመጀመሪያው ገበያተኛ ቀረብ ብሎ አያት፤ ምርኩዙንም አየ፤ ከከረጢቱ ገብስ ዝቆ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰላትና «ማርያም ታድንሽ» ብሎ አለፈ። ሁለተኛዋ ሁለት ራስ ሽንኩርት አኖረች። ሦስተኛው ስሙኒ። አገኘሁሽ በኽምጣኛም በአማርኛም ክንድህን፣ ክንድሽን እያለች ብትጣራ የሚሰማት የለም። ምጽዋት የሰጠ ሰው ምርቃት ይጠብቃል እንጂ መርፌ አይጠብቅም።

ሚስተሩ ይህን ሲያይ ልቡ ተነካ። ሕዝቡ ለክትባቱ ምስጋና እያቀረበ መስሎት ነው። እያንዳንዱን ሰጪ እጅ እየነሣ ያመሰግን ጀመር፤ አንዲት ሴት ያስቀመጠችውን ትኩስ ቂጣም አንሥቶ ፊቷ ቆሞ፣ ዓይኑን እየጨፈነ በላላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሌላ ቂጣ ጨመረች፤ ይህ ደግሞ ምን የቸገረው ነው ብላ ይሆናል። ቀትር ላይ ጠረጴዛው ጉልት መሰለ። የተከተበ ሰው አልነበረም። አገኘሁሽ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አንዲቷንም ፍሬ ሳትነካ ተነሥታ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ ደሞዝ ነገሩን ለሚስተሩ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሚስተሩ ስለ በላው ቂጣ በጣም አዘነ። ሆኖም ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ፤ ወደ ደሞዝ ዞሮ ብዙ ተናገረ። ደሞዝ ሰማው፤ ጸጉሩን ዳሰሰ፤ ከዚያ ወደ አገኘሁሽ መጥቶ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሥራ አግኝተሻል አላት።

ሥራው እንዲህ ነው። በየመንደሩ ሰው ከታቢ ሲያይ ቀረጥ ሰብሳቢ የመጣ እየመሰለው በሩን ይዘጋል። ለምስኪን ግን በሩን የሚዘጋ የለም። ስለዚህ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ በየደጁ ቆማ ስለ ማርያም ትላለች፤ በሩ ሲከፈት እነሱ ከኋላ ይደርሳሉ።

አገኘሁሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አቶ ደሞዝ፣ እኔ ሥራ የጠየቅኩት ለማኝ ነሽ እንዳልባል ነው። እርስዎ ደግሞ ለምኚ ብለው ቀጠሩኝ።»

«ለይስሙላ ነው እኮ።»

«ሕፃን ሆኜም ለይስሙላ ነበር። ዳቦው ግን እውነተኛ ነበር።»

ደሞዝ ይህ አልገባውም። ከዚያ እንደ ወንድም ሊመክራት ሞከረ። ይህን ካልሠራሽ ሌላው ሥራ ወደ ደሃና ወጥቶ፣ ወደ ጽጽቃ ወርዶ መክተብ ነው፤ በምን ልትሄጂ ነው ሲል ጠየቃት።

«እናንተ በምን ትሄዳላችሁ?»

«በበቅሎ።»

«እኔም በበቅሎ።»

ደሞዝ ሳቁ አመለጠው። በቅሎ በደንቡ ለአለቃውና ለውጭ አገር ሰው፣ አለዚያም ለዕቃ ነው፤ ከታቢ በእግሩ ይሄዳል። ይህን ሲነግራት አገኘሁሽ ወደ ሚስተሩ አየች። ሚስተሩ ጫማውን አውልቆ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቁልቁለት ውኃ የቋጠረ ተረከዙን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«እሱ እግሩ ደህና አይደለም እንዴ? ለምን በቅሎ ተሰጠው?» አለች።

ደሞዝ ይህን ሊተረጉም አልፈለገም። ሚስተሩ ግን ዓይኗን ተከትሎ ወደ እግሩ አይቶ ነበርና ምን አለች፣ ምን አለች ብሎ ወጠረው። ተነገረው። ፈረንጁ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ሳፋ ውስጥ ያለውን ተረከዙን አየ፤ የእሷንም እግር አየ፤ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ያለውን ደሞዝ ቃሉን እየጎተተ ተረጎመው፤ ለእኔ ተረከዝ በቅሎ የቆመለት ድርጅት ለእሷ የሚነፍግበት ምክንያት አልታየኝም ነው ያለው።

ደሞዝ ደንብ የሚወድ ሰው ነውና ነገሩን በልኩ ቆረጠው። አንድ ዙር ትሄዳለች፤ ወደ ደሃና። ሰው ክንዱን ለእሷ ከሰጠ ከታቢ ናት። ገበያው ላይ እንደሆነው ሁሉ ገብስ ብቻ ከሰጣት ግን ወደ ፈትሏ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ደጁን አትጠናም። አገኘሁሽ ተስማማች። ያን ዕለት ማታ እናቷ ለስንቅ የሚሆን በሶ ስታዘጋጅ፣ የምወስደው አይበቃኝ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፣ አንቺ የትም ብትሄጂ ሰው ያበላሻል ብትላት፣ አገኘሁሽ በሶውን እጥፍ አድርጊልኝ አለች።

በቅሎ አከራዩ ጋሼ ይግዛው ይባላል። ቀልደኛ ሽማግሌ ነው፤ በቅሎዎቹን እንደ ሴት ልጆቹ ይድራቸዋል እየተባለ ይታማል። ለአገኘሁሽ ያመጣላት አሮጊቷን ነበር። ይቺ ሮጣ አትጥልሽም፣ ሩጫን ከረሳችው ቆይታለች አላት። አገኘሁሽ ከዚያ በፊት በቅሎ ላይ ወጥታ አታውቅም። ከአንድ ድንጋይ አጠገብ አቁሞላት፣ በብብቷ ደግፎ ሲያወጣት በወዲያኛው በኩል ልትሄድ ምንም አልቀራትም። በቀኝ እግሯ እርካቡን ረገጠች፤ ለግራው እግሯ ይግዛው ከአሮጌ ቁርበት ማቀፊያ ሰፍቶ እርካቡ ላይ አሰረላት። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አያትና፣ እቴ፣ እግርሽ ዛሬ ከሚስተሩ ይልቅ ለበቅሎ የተሠራ መስሏል አላት። ሚስተሩም ፀሐዩ እንዳይመታት ብሎ ጥቁር ጃንጥላውን ሰጣት።

ከበቅሎ ላይ ዓለም ሌላ ነው። አገኘሁሽ አገሯን እስከዚያ ቀን ድረስ ከእግሯ ሥር ድንጋይ ከድንጋይ እየመረጠች ነበር የምታውቀው። አሁን ቀና ብላ አየችው። ቁልቋሉ፣ የተደረደረው እርከን፣ ከሸለቆው ማዶ ያሉት የድንጋይ ቤቶች፣ ሰማዩ ድረስ የሚሄደው የገደል ጫፍ፤ ሁሉም ለካ እዚያ ነበሩ። የመንገዱን ጉዳይ አሮጊቷ በቅሎ ታስብበት ነበር።

የመጀመሪያው የደሃና መንደር ሲታይ፣ የመንደሩም ሰው እነሱን አየ። ሴት በበቅሎ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታ፣ እግሯን እስከ እርካቡ ሸፍና፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ፣ ፊቷ በቅሎ ሳቢ፣ ከኋላዋ ፈረንጅና ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው። ይህ እንግዲህ የትልቅ ሰው ወይዘሮ ካልሆነ ምን ይሆናል? ወንዶቹ ከየአውድማው ተነሥተው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡ። ሴቶቹ መደብ ጠራረጉ። በር የዘጋ የለም፤ የተዘጋውም ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ሲሏት፣ አገኘሁሽ ከጃንጥላዋ ሥር የምትገባበት ጠፋት።

ይግዛው አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ አንሾካሸከ።

«እቴ፣ አትውረጂ። እዚያው ሆነሽ ክተቢያቸው። ሁሉም ክንዱን ይሰጥሻል።»

እውነቱን ነበር። ደሞዝም ከኋላ ሆኖ በዓይኑ እሺ በይ እያላት ነበር። እጇን ብትዘረጋ ዙሩ ያኔውኑ አለቀላት፤ ሥራውም የእሷ ነው። ግን የሚሰጡት ክንድ ለወይዘሮዋ ነው። ወይዘሮ የሚባል ሰው ደግሞ እዚያ የለም። ነገ በምርኩዟ ስትመጣ በሩ መልሶ ይዘጋል፤ ወይም ይከፈትና ገብስ ይወጣል።

«ያውርዱኝ ጋሼ» አለችው።

ወረደች። መጀመሪያ ቀኝ እግሯ፣ ቀጥሎ ቀጭኑ፣ ቀጥሎ ምርኩዟ። ወገባቸው ላይ ጋቢ ያሸረጡት ወንዶች ጋቢውን ይፍቱት፣ ይተዉት፣ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። በምርኩዟ ሦስትና አራት ጊዜ ተራምዳ ከመካከላቸው ቆመች። ስሟን፣ የአባቷንም ስም በኽምጣኛ ተናገረች፤ ፈንጣጣ ልትከትብ እንደመጣች ተናገረች። ክንዱን የዘረጋ አልነበረም።

አልጣሽ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ብቻ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ቆይተው ግማሽ ቂጣ ይዘው ተመለሱ። ሰው በምርኩዝ መጥቶ ደጃቸው ሲቆም ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ፊቷ ቆመው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት፤ «ስለ ማርያም ልጄ» አሉ።

አገኘሁሽ ቂጣውን አየችው። ሕፃንነቷም፣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ገብስም አብረው መጡባት። ከኋላዋ ደሞዝ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። ከዚያ ደግሞ ቂጣውን የያዘውን ግራ እጅ አየች። እጁ ከክንዱ ጋር ነው የመጣው፤ ክንዱም እስከ ትከሻው ተገልጧል።

«እናቴ» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ቂጣውን በቀኝ እጅዎ ብቻ ያዙልኝ።»

አልጣሽ እንደታዘዙት ቂጣውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። የግራ እጃቸው ባዶውን በአየር ላይ ቀረ። አገኘሁሽ ያዘችው።

«ይቺ ልትጠዘጥዝ ትችላለች። ልውጋዎት?»

አሮጊቷ አንዴ ክንዳቸውን፣ አንዴ ቂጣቸውን አዩ።

«ስሰጥሽ አንቺ ደግሞ ልትሰጪኝ ነው?»

«ይመስለኛል።»

አልጣሽ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና አገኘሁሽ ሳቃቸው እስኪያልፍ መርፌዋን ይዛ ጠበቀች። ከተበቻቸው። አሮጊቷ ዞር ብለው ለጎረቤቶቻቸው፣ ይቺ እንኳ ሰጪ ናት፣ ተቀባይ አይደለችም፣ ኑ አሏቸው። ከዚያ በኋላ ቂጣውን ማን ይብላ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ አንዴ የወጣ ምጽዋት ወደ ቤት አይመለስምና። አልጣሽ ዙሪያቸውን ቃኙና ለሚስተሩ ሰጡት። ሚስተሩ ጤና ይስጥልኝ ብሎ በላው።

እጅ እየዘረጋ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ገብስ የያዘም፣ ቆሎ የያዘም፣ ባዶውን የመጣም። አውድማው ላይ ሰው ተሰልፎ እየተሳሳቀ ሳለ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ወደ አገኘሁሽ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው በኽምጣኛ ጠየቃት። ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ አለችው፤ ውዴ ትባላለች። አትራመድም። ከዚህ በፊት የመንግሥት ሰው ሲመጣ ስንት ልጅ አለህ ሲሉት እሷን ቆጥሯት አያውቅም። ይህ ነገር እሷንም ይመለከታል ወይ?

«ክንድ የላትም?»

«አላት።»

«እንግዲያው ይመለከታታል።»

አባትየው ልጁን ከጓዳ ታቅፎ ወደ ፀሐይ አወጣት። ብርሃኑ ከብዷት ዓይኗን ጨፈነች። አገኘሁሽ ስትከትባት ውዴ መርፌዋን አላየችም፤ ያየችው ከአገኘሁሽ ኋላ የቆመችውን አሮጊት በቅሎና እርካቡ ላይ የተሰፋውን የቁርበት ማቀፊያ ነው። አይታ አይታ፣ ያ የእግር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አገኘሁሽ አዎ አለቻት። ይግዛው ተጠርቶ ልጅቷን በቅሎዋ ላይ አወጣት፤ እግሯንም ማቀፊያው ውስጥ አገባላት፤ አውድማውን ዞሩ። አባትየው ጋቢውን እንዳሸረጠ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው።

ደሞዝ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። በሚቀጥለው መንደር ገና ጠረጴዛው ሳይዘረጋ፣ በተሰባበረ ኽምጣኛ፣ ጓዳ የቀረ ሰው አለ ወይ ብሎ ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነበር።

ዙሩን ጨርሰው ሰቆጣ ሲመለሱ አገኘሁሽ የደሞዝን አፍ አፉን ታይ ነበር። ደሞዝ ከበቅሎው ወርዶ አቧራውን አራገፈ፤ ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሽሿል። ተቀጥረሻልም አላላትም፤ አልተቀጠርሽምም አላላትም። ለይግዛው ስለ በቅሎዎቹ መኖ ነገረው፤ ዕቃውን አስገባ፤ ከዚያ በሩን ሊዘጋ ሲል ዞር አለና «ሰኞ ወደ ጽጽቃ ነን፤ በሶ ጨመር አድርጊ፣ ሚስተሩ ያንቺን ለምዷል» አላት። ቤቷ እስክትደርስ ምርኩዟን መደገፏን አታስታውስም።

ትልቁ ቢሮ በመጀመሪያ አንዲት በቅሎ ለምን በዛች ብሎ ጠየቀ። ሚስተሩ በዕለቱ ምን ብሎ እንደመለሰ አይታወቅም፤ ቢሮው ግን ሁለተኛ አልጠየቀም። ደሞዝም አመሉን ቀየረ። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ድሮ እግርና እጁን ያይ ነበር፤ አሁን ሥራውን ለመሥራት ምን ያስፈልግሃል ይላል። ካሳ የሚባል አንድ እጁ የተቆረጠ ሰው መጥቶ ይህን ሲጠየቅ፣ «የመድኃኒቱን ብልቃጥ የምትይዝልኝ ቀዳዳ ያላት እንጨት» አለ። እንጨቷ ተጠርባ ተሰጠችው። ዛሬ የካሳ እንጨት ደህና ስለሆነች ሁለት እጅ ያላቸውም ይዋሷታል።

አገኘሁሽ ይህን ሁሉ ስትተርክልኝ አንዳች አልደበቀችም፤ ቀይ ፊቷንም፣ ከበቅሎ ልትወድቅ የነበረችበትንም ደስ እያላት አውርታለች። አንዲት ነገር ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ይቺን ተያት፣ አትጻፊያት ብላለች።

ከጽጽቃ በዚህ በኩል ባለች አንዲት መንደር ነው። ደሞዝና ሚስተሩ በዚያ ቀን በሌላ መንገድ ሄደው ነበር። ዝናብ ያዘለ ደመና መጥቶ አገኘሁሽ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ስትደርስ፣ መንደሩ ሁሉ ከአንድ ዋንዛ ሥር ተሰብስቦ ሁለት ወንድማማቾች ሊገላግል ይታገላል። ዋንዛው የታናሹ ማሳ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ የሠራውና የሰቀለው ታላቁ ነው። ማሩ የማን ነው? ሽማግሌዎቹ በቅሎዋንና ጃንጥላውን ሲያዩ፣ እግዚአብሔር ዳኛ ላከልን ብለው ጎንበስ አሉ። አገኘሁሽ ስህተቱን ልታርም አፏን ከፈተች። ይግዛው ቀደማትና ወይዘሮዋ ይሰማሉ አለ።

መውረድ ነበረባት። አልወረደችም። ለምን ሲሏት፣ ደስ አለኝ ብቻ ትላለች።

ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ የኅዳሩ ማር ለባለ ቀፎው፣ የሰኔው ለባለ ዛፉ ብላ ፈረደች። ፍርዱ የሚጸናው ግን የሁለቱም ቤተሰብ፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር ክንዳቸውን ሲያሳዩ ነው አለች። አሳዩ። ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ እያለች ከተበቻቸው፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ቀና ብሎ ፊቷን ያየ የለም። ፍርዱ እስከ ዛሬ እንደጸና ነው፤ የመንደሪቱም ስም እዚህ ያልተጠራው ለዚሁ ነው።

በኅዳር ታላቁ ወንድም ለዳኛዋ ወይዘሮ አንድ ገንቦ ማር ተሸክሞ ሰቆጣ ገባ። ጃንጥላ ይዘው በበቅሎ የሚሄዱት እመቤት ቤት የት ነው ብሎ የጠየቃት፣ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ባለ ምርኩዝ ሴት ነበረች። ወደ ይግዛው ቤት አመለከተችው። ሰውየው አመስግኖ ሁለት እርምጃ ሄደና፣ ልቡ እምቢ ብሎት ይሆናል፣ ተመለሰ። የገንቦውን ክዳን ከፈተ፤ ከእሸቱ ማር በጣቱ ቆረሰና ስለ ማርያም ብሎ መዳፏ ላይ አኖረላት።

ተቀበለችው። ሰውየው ከዓይን እስኪሰወር ጠብቃ፣ እንደቆመች፣ ማሩን ሰፈፉ እስኪቀር ላሰችው።